«ዓይንዎ ደህና ነው» የሚለው መልስ አይበቃም

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉት የዓይን ክሊኒኮች ተራ ከሚጠብቁት መካከል የተጀመሩ የጠብታ ብልቃጦችን በፌስታል ይዘው የሚመጡ ታካሚዎች አይታጡም። ዓይናቸው ያቃጥላቸዋል፤ ነፋስና ብርሃን አይችሉም። ሐኪሙ ስሊት ላምፕ በተባለው፣ ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው ባለብርሃን መሣሪያ ሲመረምራቸው ግን ቁስልም መቅላትም ስለማያገኝ «ዓይንዎ ደህና ነው፤ ጭንቀት ይሆናል» ተብለው፣ ሌላ ጠብታ ታዞላቸው ይሸኛሉ። በእኔ እምነት ይህ መልስ ታካሚውን ይበድላል።

የዓይን ብሌን፣ ማለትም ኮርኒያ፣ ከቆዳ ጋር ሲነጻጸር ነርቩ በመቶዎች እጥፍ የበዛ ነው። እነዚህ ነርቮች በአልማዝ ባለጭራ፣ በስኳር በሽታ፣ መነጽር ለመተው በሚደረግ የሌዘር ሕክምና ወይም ሥር በሰደደ የዓይን ድርቀት ሲጎዱ፣ ላይኛው ቁስል ከዳነ በኋላም የሕመም መልእክት መላካቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ።

ጉዳቱን በሕያው ዓይን ላይ የሚያሳየው ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ነው። ዓይኑ በጠብታ ከደነዘዘ በኋላ ጄል የተቀባው የመሣሪያው ጫፍ ብሌኑን በስሱ ነክቶ፣ ወርዱም ቁመቱም 0.4 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ስፍራ በምስል ያነሳል። ጤናማ ነርቮች በጥቁር መደብ ላይ ሸማኔ እንደወጠረው ድር ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ የተጎዱት ሳስተው፣ ተቆራርጠው ወይም ጫፋቸው አብጦ ይገኛሉ።

ምስሉ ግን ብቻውን አይፈርድም፤ ያበጠ የነርቭ ጫፍ ሕመም በማይሰማቸው ሰዎችም አንዳንዴ ይታያል። ስለዚህ አስቀድሞ መሞከር ያለበት በየክሊኒኩ የሚገኘው የማደንዘዣ ጠብታ ነው። ሕመሙ በጠብታው ከጠፋ ምንጩ በአብዛኛው ዓይኑ ላይ ስለሆነ፣ ከታካሚው ከራሱ ደም የሚዘጋጅ የሴረም ጠብታ ሊረዳ ይችላል፤ ካልጠፋ ግን አንጎል ራሱ ሕመሙን ይዞታል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ እንደ ጋባፔንቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች ይታሰባሉ። (የማደንዘዣው ጠብታ ለምርመራ ብቻ ነው፤ ቤት ተወስዶ ቢደጋገም ብሌኑን ክፉኛ ይጎዳል።)

መሣሪያው ውድ ስለሆነ በየክሊኒኩ ይገዛ አልልም። ሊደራጅ የሚገባው እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ባለ የዓይን ሐኪሞች በሚሠለጥኑበት ተቋም፣ የግሉም የመንግሥቱም ክሊኒክ ታካሚውን በሪፈር የሚልክበት አገልግሎት ነው፤ በሪፈር ወረቀቱም ላይ የማደንዘዣው ሙከራ ውጤት፣ ሕመሙ የጀመረበት ጊዜና እስካሁን የተሞከሩት ጠብታዎች ሁሉ ይስፈሩበት።