«ጀሪካን ተሸክመን ስለ ናኖቲዩብ?» ለሚሉን

ሰሞኑን እዚሁ ደሴ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩት ከጆሮዬ አልወጣም። «ሕዝቡ ጀሪካን ይዞ እየተሰለፈ፣ ተማሪ በዓይን በማይታይ ቱቦ ኮምፒውተር ላይ ሲጫወት አይውልም» አሉ። በማግስቱ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ያቀረበችው የመመረቂያ ርዕስ ወድቋል። ርዕሱ ውሃ በካርበን ናኖቲዩብ (ከካርበን አቶሞች በተሠራ፣ በዓይን በማይታይ ቱቦ) ውስጥ በሙቀት ልዩነት እንዴት እንደሚጓዝ ነው። የተሰጣት ምክንያት አንድ መስመር ናት፦ «ሲሙሌሽን ስለሆነ ተጨባጭ አይደለም»። ሲሙሌሽን ማለት የነገሩን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አስልቶ ማሳየት ነው።

ደሜን ያፈላችው ይቺ መስመር ናት። ይህን የጻፈ ሰው የዘርፉን ታሪክ ገልጦ አላየም። እ.ኤ.አ. በ2001 ገርሃርድ ሁመርና ባልደረቦቹ ውሃ ከ1 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) በጠበበ የካርበን ቱቦ ውስጥ እንደሚያልፍ ያሳዩት በምንድን ነው? በኮምፒውተር! የቱቦው ግድግዳ ውሃ የሚስብ አይደለም። ባዶውን ይቀራል ሲባል ውሃው ዘው ብሎ ገባ። በ2006 ደግሞ አሜሪካ፣ ሎረንስ ሊቨርሞር ላብራቶሪ፣ ከ2 ናኖሜትር በታች ስፋት ባላቸው ቱቦዎች ስስ ማጣሪያ ተሠራ። ውሃው የተለመደው የቱቦ ስሌት ከሚለው ከ1,000 ጊዜ በላይ ፈጥኖ አለፈ። ኮምፒውተሩ ቀደመ፣ ሙከራው ተከተለ። ታዲያ የቱ ነው ተጨባጭ ያልሆነው?

ደግሞስ ከዚህ ሌላ ምን እንድትሠራ ነው የሚፈለገው? እጃችን ላይ የናኖ ላብራቶሪ የለም። ሲሙሌሽን ግን ላፕቶፕና መብራት ይበቃዋል። ላምፕስም ግሮማክስም በነጻ የሚወርዱ ፕሮግራሞች ናቸው። ሥራቸው ለእያንዳንዱ አቶም የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ደጋግሞ ማስላት ነው፤ እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩትን ሕግ። የደሴ ልጅ ከፓሪስ ልጅ እኩል ልትቆም የምትችልበት በር ይሄ ነው። ጥያቄውም አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2016 ፓሪስ ያሉ ተመራማሪዎች ውሃ በካርበን ቱቦ ውስጥ እንደሚንሸራተት፣ ተመሳሳይ ቅርጽ ባለው የቦሮን ናይትራይድ (የቦሮንና የናይትሮጅን ውህድ) ቱቦ ውስጥ ግን እንደማይንሸራተት ለክተው አሳዩ። ለምን? ዛሬም ያከራክራል። በሩን የሚዘጉባት የራሷ ሰዎች መሆናቸው ነው የሚያቃጥለኝ።

ቤቴ መጥታ ሲሙሌሽኗን በላፕቶፗ አሳይታኛለች። ቀዩ ነጥብ ኦክስጅን፣ ነጩ ሃይድሮጅን። በጠባቧ ቱቦ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ቦኖ ላይ እንደተደረደረ ጀሪካን አንድ በአንድ ተሰልፈዋል። የፊተኛው ሲወጣ የኋላው ይተካል። ከዚያ ሰፋ ያለ ቱቦ ውስጥ የውሃ ጠብታ አስገባችና አንዱን ጫፍ አሞቀችው። ጠብታዋ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሄደች።

«ማን ነው የሚገፋት?» አልኳት።

«ሙቀቱ ነው ጋሼ። በሞቀው በኩል ግድግዳው በኃይል ይንቀጠቀጣል።»

ፓምፕ የለም። ይሄ የስክሪን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ባርሴሎና ያሉ ተመራማሪዎች በናኖቲዩብ ላይ የተጫነች ቁራጭ ወርቅ በሙቀት ልዩነት ብቻ ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ስትጓዝ በማይክሮስኮፕ አይተዋል።

ነገ ጦሳ ተራራ ላይ ናኖቲዩብ ይዘርጋ ያለ የለም። ግን ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ውሃን ሽቅብ መግፋት ምን እንደሚያስከፍል ከኛ በላይ ማን ያውቃል? ያለ ፓምፕ ስለሚሄድ ውሃ ማጥናት ለኛ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

ጀሪካኑን ደግሞ ለሷ አትንገሯት። ያደገችው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ሌሊት ተነስታ ወረፋ እየያዘች፣ ሃያ ሊትር ተሸክማ ነው የተማረችው። ውሃን ልታጠና የተነሳችውም ለዚሁ ነው።

ርዕስ ማስገቢያው ቀን ገና አላለፈም። ርዕሷን መልሱላት። መብራት ባለ ሌሊት ሁሉ ላፕቶፗ እያሰላ ነው።