ቁንጮ ቆራጮቹ

«ቅዳሜ የልጅ ልጄን ፀጉር እንቆርጣለን፤ እንዳትቀር» ያሉኝ ጎረቤቴ ናቸው። የምንኖረው ማሌዢያ፣ ከኳላላምፑር በስተደቡብ፣ ባንጊ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ፓክ ቺክ» ይላቸዋል፣ አጎቴ እንደማለት። እኔም ለምጄዋለሁ። ዝግጅቱን ማላዮቹ «ቹኩር ጃምቡል» ይሉታል። ቹኩር መላጨት ነው፤ ጃምቡል ደግሞ ያው የእኛው ቁንጮ።

ደንቡ በተወለደ በ7ኛው ቀን ነው፤ ዛሬ ዛሬ ግን አራሷ እስክትጠነክር የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። የፓክ ቺክ ልጅም 44 ቀኗን ጨርሳ ነው የወጣችው። «ፓንታንግ» ይሉታል። ቀዝቃዛ ነገር አትቀምስም፤ ሆዷ በረጅም ጨርቅ ይጠመጠማል፤ በጋለ ድንጋይ ትታሻለች። የእናቴን መቀነትና ገንፎ አስታወሰኝ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ግን በወለደች በ6ኛ ሳምንቷ ሥራ ገብታለች። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ። ያለ ደመወዝ ማን ይታረሳል? እዚህ ማሌዢያ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል ተቀጣሪዋ 98 ቀን እየተከፈላት ታርፋለች። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይላል፤ ጉሊት የምትቸረችረዋን ግን አያውቃትም።

ስገባ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው «መርሃባን» ያዜማሉ፤ የነቢዩ ውዳሴ ነው። ደሴ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንም። ጎረቤታችን ቤት መንዙማ ሲደራ ከአጥር ወዲህ ሆነን እንሰማው የነበረውን ነው የሚመስለው፤ ጫቱና ዕጣኑ ብቻ ነው የጎደለው።

ድንገት ሁሉም ተነሡ። አባትየው ሕፃኑን በትራስ ላይ አድርጎ እየዞረ መጣ። ከኋላው አንድ ጎረምሳ ትሪ ይዟል፤ ትሪው ላይ ሪባን የታሰረበት መቀስ፣ የጽጌረዳ ውሃ፣ አፉ እንደ ዘውድ የተጠረበ ለጋ ኮኮናት። ተራ የደረሰው ሰው ከሕፃኑ ግንባር በላይ ቅንጣት ፀጉር ይቆርጥና ኮኮናቱ ውስጥ ይጥላል።

እኔ ጋ ሲደርሱ ወደ ኋላ አልኩ። ክርስቲያንነቴ ብቻ አይደለም ያስፈራኝ። እኛ ቤት የልጅ ፊት እስከ ክርስትናው፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ከባዕድ ዓይን ይሸሸጋል። የወንድሜን ፊት ገልጣ ያየች እንግዳ ከወጣች በኋላ እናቴ ስንት ቀን እንዳጉረመረመች አልረሳም። እነዚህ ደግሞ አገሩን በቅጡ ለማያውቁት ሰው መቀስ ይሰጣሉ!

ፓክ ቺክ ማመንታቴን አይተው ለሰዎቹ «ከሐብሻህ ነው» አሏቸው። ከጎኔ የቆሙት ሽማግሌ ፊታቸው በራ፤ «የቢላል አገር!» አሉ። እዚህ የመስጊዱ አዛን አድራጊ ራሱ መጠሪያው «ቢላል» ነው፤ የነቢዩ የመጀመሪያው አዛን አድራጊ የነበረው የሐበሻው ልጅ ስም የሥራ መደብ ሆኗል። ይህም ሕፃን ሲወለድ መጀመሪያ በቀኝ ጆሮው የገባው አዛን ነው። ከዚህ በኋላ ምን ብዬ እምቢ ልበል? ቆረጥኩ፤ ሦስት አራት ዘለላ ቢሆን ነው። እንደ ጭስ የሳሳ ፀጉር ነበር።

የቀረው በኋላ ይላጫል፤ በፀጉሩ ሚዛን ልክ የብር ማዕድን ዋጋ ለድሃ ይሰጣል። ለአቂቃው፣ ለልጁ መወለድ ምስጋና ለሚደረገው እርድ፣ ለወንድ ሁለት ፍየል፣ ለሴት አንድ ያርዳሉ። እኛስ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል ስንል አይደል የኖርነው? ሴትን በቁጥር ማሳነሱን ባሕርም አላገደውም።

ሬንዳንግ የሚሉትን የሥጋ ወጥ በልተን ስንወጣ እንግዳው ሁሉ ፓክ ቺክን ሲጨብጥ የተጣጠፈ የአገሩን ገንዘብ፣ ሪንጊት፣ በመዳፉ ያስጨብጣቸዋል። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፤ እጄ ራሱ ያውቀዋል። ለእኔም የወረቀት አበባ የተሰካበት የተቀቀለ እንቁላል ሰጡኝ።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ኮኮናቱንም፣ ፍየሉንም አልፋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦

«ለመሆኑ እንትፍ እንትፍ ብለህለታል?»

«አላልኩም።»

ዝም አለች። ከዚያ ከደሴ ሆና በስልኩ ውስጥ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለችለት።