እርማት፦ «አልጋ ላይ የዋለ ሰው መቁሰሉ አይቀርም» ለሚለው

እህቴ፣ «አያቴ አልጋ ላይ ስለዋሉ ቆሰሉ፤ ነርሷ ምን ታድርግ» ብለሻል። ይሄ ስህተት ነው። አብዛኛውን የአልጋ ቁስል መከላከል ይቻላል። የቤት ለቤት እንክብካቤ ጥራት አንዱ መለኪያም እሱ ነው።

እኔም አራት ኪሎ እማዬን ሳስታምም የነርሷን ነጭ ጋውን አይቼ አምኛት ነበር። አንድ ጠዋት ካልሲዋን ሳወልቅ ተረከዟ ቀልቷል። በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት፤ መቅላቱ አልጠፋም። ቁስሉ የሚጀምረው እንዲህ ነው። እማዬ ቀይ ስለሆነች ታየኝ። ጠይም ቆዳ ላይ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና ጥንካሬውን ዳሰስ አድርጊ። ብቻ እንዳታሺው፣ ይብስበታል።

አያትሽን በየስንት ሰዓቱ እንደምታገላብጣቸው ነርሷን ጠይቂያት። ብዙ ጊዜ የሚመከረው በየ2 ሰዓቱ ነው። ሰዓቱን ደብተር ላይ ትጻፈው። ዛሬ ማታ ግን ተረከዛቸውንና ዳሌያቸውን ራስሽ ገልጠሽ እዪ።