ይድረስ ለመኪናዬ ሬዲዮ የምስጢር ኮድ

ጉዳዩ፦ የገዛ ሬዲዮዬን እንድሰማ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከሬዲዮዬ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እርስዎም ደህና እንደሆኑ አውቃለሁ። ቀይ መብራትዎ ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም ስትል አድራለች።

ወንጀሌን ላስታውስዎ። ባትሪ ቀየርኩ። ይኸው ነው። አሮጌው ደክሞ ነበር። ኤሌክትሪሻኑ ፈታው፣ አዲሱን አሰረው፣ መኪናው በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ሁላችንም ደስ አለን፤ ከእርስዎ በቀር። እርስዎ በዚያች አጭር ጊዜ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥብዎ ተሰረቅሁ ብለው ደመደሙ፤ ባለአራት አሃዙ የምስጢር ቁጥር ካልገባ ሬዲዮው አይከፈትም አሉ። ስንት ዘመን ያስቀመጥኳቸውን ጣቢያዎች ረሱ። ሰዓቱን ረሱ። ድምፁን እንዴት አድርጌ እንደምወደው ረሱ። ጥርጣሬዎን ግን አልረሱም። እሱማ ያለ ባትሪም በማይጠፋ ትንሽ ቺፕ ላይ ተጽፎ ይኖራላ! ባለቤቱን የሚጠቅመው ሁሉ ባትሪ ሲነሳ እንዲጠፋ፣ ባለቤቱን የሚያስቸግረው ብቻ እንዲቀር ያሰበውን መሐንዲስ አንድ ቀን ባገኘው እጁን እጨብጠዋለሁ። አጥብቄ።

ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድዎ አለኝ። መኪናውን የሸጠልኝ ሰው ከማኑዋሉ ጋር አስረክቦኛል። ካርዱ ላይ «መኪና ውስጥ አታስቀምጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ያገኘሁት የት ነው? ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ። ሁላችንም እዚያ ነው የምናስቀምጠው፤ እንዳንዋሽ።

ቁጥሩን ማስገባት ራሱ ኮርስ ይፈልጋል። እርስዎ ዘንድ 1 ቁጥርን መጫን 1 ማለት አይደለም። ለመጀመሪያው አሃዝ የመጀመሪያውን በተን፣ የሚፈለገው ቁጥር እስኪመጣ ደጋግሞ መጫን ነው። ለሁለተኛው ሁለተኛውን። ሌላ ሬዲዮ ላይ ደግሞ 1 ሲጫኑት 1 ነው። የትኛው በየትኛው እንደሚሠራ ማኑዋሉ ያውቃል፤ ማኑዋሉ የተጻፈው ግን እኔ በማላነበው ቋንቋ ነው። በዚያ ላይ ሦስተኛው በተን አርጅቷል። አንዴ ሲነካ ሁለት ይዘላል። 6 ስፈልግ 7 ላይ ያርፋል። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ እስከ 9 ሄዶ ከ0 መጀመር ነው።

አስገባሁ። አልተቀበሉኝም። በእርጋታ፣ ትንፋሼን ይዤ ደገምኩ። ተቆለፉ።

አንድ ሰዓት ይጠብቁ ተባልኩ። ጥሩ፣ ልጠብቅ። ግን ቅጣቱ የሚቆጠረው ሬዲዮው በርቶ ሲቆይ ነው። ካጠፋሁት የቆየሁት ሁሉ ባዶ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ባትሪ ሞቶበት የተቸገረ ሰው፣ አዲሱን ባትሪ ሞተር ሳያስነሳ እየጠጣ ይቀመጣል ማለት ነው። እሱም ከሞተ ያው ኤሌክትሪክ ተቋረጠ። እርስዎም እንደገና ተሰረቁ።

ሥራ ፈትቼ ስለነበር አሰላሁት። ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 ቁጥር አለ። በሁለት ሙከራ አንድ ሰዓት ከሆነ 5,000 ሰዓት ይመጣል። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ 208 ቀን ከ8 ሰዓት። ሲም ካርድ እንኳ ፒኑን 3 ጊዜ ስሳሳት ፐክ የሚባል መውጫ ያበጅልኛል። አንዳንድ ዘመዶችዎ ደግሞ በተሳሳቱ ቁጥር የቅጣቱን ጊዜ እጥፍ እንደሚያደርጉት ሰምቻለሁ። እርስዎ ከእነሱ ይሻላሉ። ይህን በጽሑፍ ማመስገን ግዴታዬ ነው።

ኮዱን ልጠይቅ የመኪናው ወኪል ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ስለነበረው ሰልፍ አላወራም። የምታውቁት ነው። መጀመሪያ ሲስተም አልነበረም። ሲስተሙ ሲመጣ ሠራተኛዋ አልነበረችም።

ስትመጣ ግን ጨዋ ነበረች። ሊብሬ ጠየቀች፣ ሰጠሁ። መታወቂያ፣ ሰጠሁ። የሻንሲ ቁጥር፣ ሊብሬው ላይ አለ። «የሬዲዮውስ ሲሪያል ቁጥር?»

«የት ነው የሚገኘው?»

«ጎኑ ላይ።»

«የምኑ ጎን?»

«የሬዲዮው ነዋ። ከዳሽቦርዱ ያወጡትና ያዩታል።»

ልብ ይበሉልኝ ክቡር ሆይ። ሬዲዮውን እንዳልሰረቅሁ ለማረጋገጥ፣ መጀመሪያ ሬዲዮውን መንቀል አለብኝ።

ነቀልኩ። ትናንት በምሳ ሰዓት፣ መሥሪያ ቤታችን ፓርኪንግ ውስጥ። ፊትዎ ላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የሚገባ ልዩ ማውጫ አለ ይባላል። እኔ ጋ የለም። ከወፍራም ሽቦ በፒንሳ አጣጥፌ ሠራሁ። በሩን ከፍቼ፣ ግማሽ አካሌን ወንበር ላይ አስተኝቼ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ በጥርሴ ይዤ፣ በሁለት እጄ እየጎተትኩ ነበር። ካቻቢቴው ደረቴ ላይ ነው። ላቤ ይንጠባጠባል። የዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ከላዬ ላይ ጥላ ሲያርፍም ያኔ ነው ያየሁት።

ጥበቃው አዲስ ናቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?»

«ሬዲዮ እየነቀልኩ ነው አባቴ» አልኩ፣ ስልኩን ከጥርሴ ሳላወጣ። እውነቴን ነው። ግን እንዲህ ዓይነቱ እውነት ሲነገር የእምነት ክህደት ቃል ይመስላል።

«መኪናው የማን ነው?»

«የኔ።»

«ያንተ ከሆነ ለምን ትነቅለዋለህ?»

«ቁጥሩን ለማየት ነው። ኮዱ ጠፍቶብኝ… ማለቴ አልጠፋም፣ አለ፤ ግን አይሠራም።»

ፒንሳውን አዩ። ሽቦውን አዩ። ካቻቢቴውን አዩ። ሊብሬውን ላወጣላቸው እጄን ወደ መሳቢያው ስሰድ «እጅህን አውጣ!» ብለው ጮሁ። ከዚያ ራሳቸው አወጡት። አገላብጠው አነበቡት። «ሊብሬማ መኪና ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መኪናውን የከፈተ ሁሉ ያገኘዋል» አሉኝ። ምን ይባላል? ልክ ናቸው። መታወቂያዬስ? መታወቂያዬ ኮቴ ውስጥ ነው፤ ኮቴ ቢሮ ነው፤ ወደ ቢሮ እንዳልሄድ ደግሞ ክንዴን ይዘውኛል።

ሰው መቆም ጀመረ። የሒሳብ ክፍሉ ልጅ፣ በየጠዋቱ አብሮኝ ማኪያቶ የሚጠጣው፣ አይቶኝ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። አንዷ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። ሽማግሌው ግን ፍርድ አዋቂ ናቸው። ትንሽ አሰቡና የመጨረሻ ዕድል ሰጡኝ።

«እሺ፣ ያንተ ከሆነ እስቲ ሬዲዮውን ክፈተው።»

ክቡር ሆይ፣ እኔ ዝም አልኩ። እርስዎም ዝም አሉ። አንዲት የዜና ርዕስ ቢሆን። የሳሙና ማስታወቂያ እንኳ ቢሆን! በሽቦ ተንጠልጥለው፣ ግማሽ አካልዎ ውጭ ሆኖ፣ በዚያች በቀይ መብራትዎ እያዩኝ፣ በሕዝብ ፊት አላውቀውም አሉኝ። ያስፈቱኝ የሰው ሀብት ኃላፊያችን ናቸው። «እሱ እንኳ የኛ ልጅ ነው» አሉ። «እንኳ» ያሏት ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች።

እዚህ ላይ ትሕትናዬን ላፍታ ልተወው።

ስማ። አንተ እስከ ዛሬ ማንን ይዘሃል? ከኔ ሌላ ማንን? የተፈጠርክበት ዘመን ይገባኛል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ የመኪና ሬዲዮ ለሌባ ትልቅ ገበያ ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ ሰው መስኮቱ ላይ «ሬዲዮ የለም» የሚል ወረቀት ይለጥፍ ነበር። መኪናውን ባቆመ ቁጥር ሬዲዮውን ነቅሎ ይዞት የሚዞርም ነበር። ያኔ ታስፈልግ ነበር፣ አልክድም። ዛሬ ሰው ሙዚቃውንም ካርታውንም ኪሱ ውስጥ ይዞ ሲዞር፣ ያንተን ካሴት ማጫወቻ ማን ይሰርቃል? መስታወት ሰብሮ የገባ ሌባ ስልኬን አንስቶ ይሮጣል እንጂ አንተን ሲፈታ አይቆይም።

እሺ፣ ይስረቅህ። ሲሪያል ቁጥርህ ጎንህ ላይ ተለጥፏል። ሌባው ነቅሎህ በእጁ ይዞሃል፤ ገልበጥ አድርጎ ያነበዋል። በብዙ ሬዲዮዎች ላይ ኮዱ ከዚያው ከሲሪያሉ በስሌት የሚወጣ ነው። ስሌቱን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ለሌባው መልሱ ከዕቃው ጋር ተለጥፎ ይሄድለታል፤ ለባለቤቱ ግን ዳሽቦርድ ውስጥ ተቀብሮ ይቆየዋል! ሰልፍ የኔ፣ ፎርም የኔ፣ ማስረጃ የኔ። ክንዴን የተያዝኩት እኔ። ሌባ እንኳ አንዴ ወስዶ ይገላግላል፤ አንተ ግን እዚሁ ፊቴ ተቀምጠህ በየቀኑ ትሰርቀኛለህ።

ይቅርታ ክቡር ሆይ። ወደ እርስዎ ልመለስ።

ከዘመዶችዎ ቢማሩ ምን አለበት? ብዙ የሆንዳ ሬዲዮዎች 1ን እና 6ን ይዘው ሲያበሯቸው ሲሪያላቸውን ራሳቸው ፊታቸው ላይ ይጽፋሉ። መንቀል የለ፣ ሽቦ የለ፣ ጥበቃ የለ። አዳዲሶቹ ደግሞ ከናካቴው ሰው አይጠይቁም። የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ኮምፒውተር ይጠይቃሉ፤ ቤታቸው መሆኑን ሲያውቁ ይከፈታሉ። ባትሪ ሲቀየር ባለቤቱ ላይ አይጮሁም።

ለማንኛውም ሲሪያሉን አገኘሁት። ዛሬ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩ ላይ መታች፣ አየች፣ እንደገና መታች። «ይሄ ሬዲዮ እኮ የዚህ መኪና አይደለም» አለችኝ።

ለካ ከኔ በፊት ከነበሩት ባለቤቶች አንዱ ቀይሮታል። ካርዱ የድሮው ሬዲዮ ነው። ያ ሁሉ ትንፋሽ ይዞ መጫን፣ ያ ሁሉ አንድ ሰዓት፣ የት እንዳለ ለማይታወቅ ለሌላ ሬዲዮ ነበር። ታዲያ ባይቀበሉኝ ምን አስቀየመኝ ብዬ ይቅር ልልዎ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ሠራተኛዋ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ እንደ ትናንቱ ሳይሆን ረጋ ብላ፣ «ከየት ነው ያመጡት?» ብላ ጠየቀችኝ።

አሁን የሬዲዮውን የግዢ ደረሰኝ ይዤ እንድመጣ ታዝዣለሁ። እኔ ያልገዛሁትን፣ የማላውቀው ሰው በማላውቀው ዘመን የገዛውን። ኤሌክትሪሻኑ ቺፑን አውጥቶ በመሣሪያ የሚያነብ ሰው አውቃለሁ ብሎኛል። አዲስ ግዛ የሚሉም አሉ። ግን አዲሱ ሶኬቱ አይገጥምም፣ ማገናኛ ይፈልጋል፤ ስፋቱም ከዳሽቦርዱ ቀዳዳ ጋር አይስማማም፣ ክፈፍ ይፈልጋል። ደግሞስ ለምን እገዛለሁ? እልህ ውስጥ ገብተናል እኮ።

እስከዚያው አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ። ሙዚቃው ይቅር፣ ዜናውም ይቅር። ቢያንስ ሰዓት ያሳዩኝ። ሰዓት እንኳ ከኔ ይልቅ ለሌባ አይጠቅመውም፤ እሱ ሰልፍ የለበት።

ከሰላምታ ጋር፣
የመኪናው ባለቤት (የሬዲዮው ጉዳይ ገና እየተጣራ ነው)

ግልባጭ፦
ለቀድሞው የመኪናው ባለቤት፦ ስልክዎ ቢነሳ ምን አለበት?
ለሒሳብ ክፍሉ ልጅ፦ አይቼሃለሁ።
ለአዲሱ ባትሪ፦ አደራህን።