ሞተሩን ማጥፋት ለፈታኙ ይተው

ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አብራሪዎች በሚፈተኑበት በረራ ላይ አንዱን ሞተር ጨርሶ አጥፍቶ መልሶ ማስነሳት ግዴታ ይሁን ወይስ ለፈታኙ ይተው የሚለው ክርክር አላበቃም። ለፈታኙ ይተው ባይ ነኝ፤ ከሥልጠናው ግን መውጣት የለበትም።

ፈታኙ ማየት ያለበት አንዱ ሞተር ሥራ ካቆመ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ነው። አፍንጫው ወደ ሞተው ሞተር ሲዞር ተፈታኙ በራደር (በእግር በሚገፋው የጅራት መሪ) ይይዘዋል፣ እስከ 5 ዲግሪ ወደሚሠራው ሞተር ያዘነብላል፣ ፍጥነቱን ሰማያዊው መስመር ላይ (በአንድ ሞተር በተሻለ ሁኔታ ከፍታ የሚጨመርበት ፍጥነት ላይ) ይጠብቃል። ሥራ የፈታው እግር የሞተውን ሞተር ይጠቁመዋል፤ ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ) ስቦ ያረጋግጣል። ይህን ሁሉ ለማየት ስሮትል መቀነስ ይበቃል። ተፈታኙ ማንሻዎቹን እየነካ ቅደም ተከተሉን ከተናገረ በኋላ ፈታኙ ኃይሉን ዜሮ ግፊት ላይ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ አውሮፕላኑን በማይስብበትም በማይጎትትበትም መጠን ላይ ያደርገዋል። ይህ በብዙ ቀላል የፒስተን አውሮፕላኖች ከ10 እስከ 12 ኢንች ማኒፎልድ ፕሬሸር (ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት) ገደማ ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር የአውሮፕላኑ መመሪያ ይሰጣል።

4,000 ጫማ ላይ ተረጋግቶ ሞተር ማጥፋት ግን ከቼክሊስት ንባብ ብዙም አይለይም። ዋጋው ግን እውነተኛ ነው። የኃይሉ ግማሽ ሲጠፋ የመውጣት አቅሙ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ፕሮፔለሩን ከፌዘር (ምላጮቹ አየሩን እንዳይቃወሙ በጠርዛቸው ከሚዞሩበት አቀማመጥ) የሚመልስ አኩሙሌተር (የግፊት ማከማቻ) ከሌለ ሥራው በስታርተሩና በባትሪው ላይ ይወድቃል፤ የቀዘቀዘ ዘይት ደግሞ ያከብደዋል። ካልተነሳ ፈተናው በአንድ ሞተር ወደ ማረፍ ይለወጣል፣ ማረፉን ትቶ እንደገና መነሳትም አጠራጣሪ ነው። ቢነሳም ሙቀቱ እስኪመለስ በዝቅተኛ ኃይል መቆየት አለበት።

በስሮትል ብቻ የማይታይ አንድ ነገር አለ። ሞተሩ ምድር ላይ ሲጠፋ ፕሮፔለሩ ፌዘር እንዳይገባ የሚያግዱ ፒኖች አሉ፤ ፓይፐር ሴሚኖል በተባለው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ላይ ዙሩ በደቂቃ ከ950 በታች ሲወርድ ይቆልፋሉ። ፍጥነቱን ጥሎ የሚዘገይ አብራሪ ማንሻውን ቢስብም ፌዘር አያገኝም። ይህን አንድ ጊዜ ከአስተማሪ ጋር ማየት ያስፈልጋል። ዲኤ 42 በተባለው አውሮፕላን ላይ ደግሞ የኢንጂን ማስተሩን (የሞተሩን ዋና ማብሪያ) ሲያጠፉት ፕሮፔለሩ ራሱ ፌዘር ይገባል፤ እዚያ ላይ የሚፈተነው ምን እንደሆነ አይገባኝም።

ፈታኙ ይጥፋ ካለ የአሜሪካው መስፈርት ጥሩ ወሰን ነው፦ ከምድር ከ3,000 ጫማ ያላነሰ ከፍታ፣ ካልተነሳም ኤርፖርት ላይ በሰላም ማረፍ የሚቻልበት ቦታ። ውሳኔው ከበረራው በፊት ይሰጥ። ባትሪው ጠዋት ሞተሩን በግድ ካስነሳው ጉዳዩ እዚያው አብቅቷል።