ምጣዱን ገዝታችሁ መሶቡን የምትከድኑ

ወገኖቼ፣ የደንቢያና የጎንደር ዙሪያ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ያስከፋችሁ ይሆናል፤ ቢሆንም ስሙኝ። እኔም ከእናንተው መሀል ነው የወጣሁት። ሸክላ ሠሪዋ በደጃችን ስታልፍ እናቴ መሶቡን ከድና እኔን ወደ ጓዳ ታስገባኝ ነበር። እንጀራው የተጋገረበት ምጣድ ግን የዚያችው ሴት እጅ ሥራ ነው። አባቴ የሚያርስበትን ማረሻ የቀጠቀጠውም ባሏ ነው። በእጃቸው ሥራ እየበላን «ቡዳ ናቸው» ብለን ዓይናቸውን ፈራን።

ሌሊት ጅብ ሆነው መቃብር ይቆፍራሉ ስትሉ ኖራችኋል። በተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ተገኘ ትላላችሁ። ጉትቻውን በእጁ የያዘ አንድ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ቤተ እስራኤልን አስቡ። ርስት ስለተነፈጋቸው ብረትና ሸክላ መተዳደሪያቸው ሆነ፤ እኛ ደግሞ ያንኑ ሥራቸውን የቡዳነት ምስክር አደረግነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ማን ሰማ? በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ14,000 በላይ የሚሆኑ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። እንግዲህ ልጠይቃችሁ፤ ልጆቻችንን ይበሉ የነበሩት እነሱ ከሆኑ፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ ጣና ዳር ያለው ልጅ በጥቅምትና በኅዳር ለምን ይወድቃል? መልስ ስታጡ ጣታችሁን በቀሩት ቀጥቃጮች ላይ ቀሰራችሁ፤ አብረዋችሁ የሚያስቀድሱትን ሰዎች «ልጄን አልድርላቸውም» አላችሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ውሃ ባቆረበት ሁሉ የወባ ትንኝ ትፈላለች። ወባው ወደ አንጎል ሲወጣ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይገለበጣል፣ ይቃዣል፣ ራሱን ይስታል። «ተበላ» የምትሉት ይህንን ነው። ጭስ ታጥኑታላችሁ፣ «ማን በላህ? ተናገር!» እያላችሁ ትጮኹበታላችሁ። ከዚያም በትኩሳት ከሚቃዥ ሕፃን አፍ የወጣ ስም ይዛችሁ የሰው በር ትሰብራላችሁ። ፈጣሪን አትፈሩም? በ1950 ዓ.ም. ክረምት የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በአገራችን 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ያን ሁሉ ሕዝብ የትኛው ቀጥቃጭ ነው የበላው?

ጠበል አትውሰዱ አላልኩም፤ እኔም እወስዳለሁ። ነገር ግን ልጁን ያተኮሰው ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ጣቱን ወግተው ከአንዲት ጠብታ ደም ወባ መሆን አለመሆኑን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይነግሯችኋል። አንጎሉ ላይ ለወጣበትም የመርፌ መድኃኒት አለ፤ የሚያድነው ግን በጊዜ ሲደርስ ነው፤ እናንተ ደግሞ ያንን ጊዜ በጭስ ታቃጥሉታላችሁ። በዚያች ሌሊት የሸክላ ሠሪዋን በር የምታንኳኩ ከሆነ፣ «እባካችሁ ቃሬዛ አግዙን» ለማለት አንኳኩ።