«ዛሬም አለሁ»፦ ከሙከራ መድኃኒት ክፍል የተያዘ ትዝብት

የአጎቴ ሊምፎማ፣ ማለትም የነጭ የደም ሴል ካንሰር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ሐኪሟ «አንድ የሙከራ መድኃኒት አለ» አለች። እኔ ነበርኩ አስተርጓሚዋ፣ ቃሉም ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሙከራ ሲባል እኛ ጆሮ ላይ ቶሎ የምትመጣው አይጥ ናት። «አዲስ ሕክምና አለ፣ ይረዳዎታል ትላለች» ብዬ አለፍኩት።

እዚህ ውጭ አገር ግን ለፊርማ የዘመድ ትርጉም አይበቃም። በማግስቱ በስልክ የገባችው ባለሙያ አስተርጓሚ አንዲት ቃል ሳታለዝብ አፈረጠችው። «ጥናቱ የሚካሄደው የሰው ልጅ መድኃኒቱን በምን ያህል መጠን እንደሚችለው ለማወቅ ነው። እርስዎን ይጥቀም አይጥቀም አናውቅም። ሊጎዳዎት፣ ሊገድልዎትም ይችላል።» አጎቴ ስልኩን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ትላንት ያልሽኝ ሌላ ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። አገር ቤት አክስቴ በዚሁ ዓይነት በሽታ ሲያዙ ሐኪሙ ልጃቸውን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነበር የነገረው። ለእሳቸው «ደም ማነስ ነው» ተባለ። ለወራት ሁላችንም ደም ማነስ ስንተውን ከረምን። ያን ያደረግነው በፍቅር ነው፣ ዛሬም ክፋት ነበር አልልም። ግን በሽታው ያልተነገረው ሰው ምን ላይ ይፈርማል? የአጎቴ ወረቀት ከሃያ ገጽ በላይ ነበር፣ ሦስት ቀን አስነበቡኝ። አንዳንዱን ገጽ ሁለቴ።

መድኃኒቱ ባይስፔሲፊክ አንቲቦዲ ከሚባሉት ወገን ነው። ተራ አንቲቦዲ፣ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ፕሮቲን፣ በሁለቱም እጆቹ የሚይዘው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ይሄኛው በአንድ እጁ ካንሰሩ የተነሳበት ቢ-ሴል የተባለ ነጭ የደም ሴል ላይ ያለውን ሲዲ20 የተባለ ምልክት ይይዛል፣ በሌላው ደግሞ ተዋጊ ነጭ የደም ሴል የሆነውን የገዛ ቲ-ሴላችንን ሲዲ3 የተባለ ምልክቱ ላይ ይጨብጣል። ካንሰሩን አጠገቡ እያለ ዝም ብሎ ሲያልፍ የኖረው ቲ-ሴል ከጠላቱ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ይገጣጠምና ይገድለዋል። ይህን ሳስረዳቸው አጎቴ «ሽማግሌ ነው በይኛ» አሉ። «አይ ጋሼ፣ ነገረኛ ነው። አገናኝቶ ያጋድላል» አልኳቸው። ያን ሳምንት የሳቁት ያኔ ብቻ ነው። ነገረኛ ደግሞ ጤነኛውንም ቢ-ሴል አይምርም፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት ለማንኛውም ኢንፌክሽን ይሳሳል።

ከአገር ቤት ስልክ መጣ። «ነጮቹ መሞከሪያ አደረጉት አሉ፣ እውነት ነው?» እውነት ነው ብላቸው እልቂት ነው፣ አይደለም ብላቸው ውሸት። ደግሞ እንደምናወራው ሳይሆን አገራችን ለሙከራ ባዕድ አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው፣ በ17 ቀን የሚያልቀው የካላዛር ጥምር ሕክምና ኢትዮጵያውያን ታማሚዎችም ተሳትፈው የተፈተነ ነው። ያን መርፌ ዛሬ የሚወጋ ሰው ማን እንደቀደመለት አያውቅም።

ስለ ቀዳሚዎች ካነሳን፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የመጠኑ ጉዳይ ነው። ከዚህ ወገን ቀደምቶች አንዱ የሆነው ብሊናቱሞማብ ጀርመን ውስጥ በሊምፎማ ታማሚዎች ላይ ሲሞከር የወጣው ውጤት በ2008 ታተመ። 38 ሰዎች ነበሩ። በቀን 0.005 ሚሊግራም በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ሲሰጥ ከደም ውስጥ ዒላማ የሆኑት ሴሎች ጠፉ፣ እብጠቱ ግን አልቀነሰም። እብጠት መቀነስ የጀመረው 0.015 ላይ ነው። 0.06 ላይ የደረሱት ሰባቱም ሰዎች እብጠታቸው ቀነሰ። ቁጥሩን ገልብጣችሁ አንብቡት፦ ከታች የጀመሩት ሰዎች ራሳቸው ብዙም ሳያገኙ ለሰባቱ መሰላል ሆኑ። የምዕራፍ አንድ ሙከራ የተለመደ አካሄዱ ይኸው ነው። ሦስት ሰው ይገባል፤ ካልተጎዱ መጠኑ ይጨምርና ሌላ ሦስት ይገባል፤ አንዱ ክፉኛ ከተጎዳ በዚያው መጠን ሦስት ይጨመራል፤ ሁለት ከተጎዱ እዚያ ላይ ይቆማል። አጎቴ ይህን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «እኔ ስንተኛው ደረጃ ላይ ነኝ?» መሀል አካባቢ ነበሩ። «እንግዲያው ከኔ በፊት ያሉትን እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ፈረሙ።

ብሊናቱሞማብ በአሜሪካ የተፈቀደው በታኅሣሥ 2014 ነው፣ ያውም ለሊምፎማ ሳይሆን በሕክምና ላልበገር ላለ አንድ የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ዓይነት። በ2024 በወጣ ጥናት ደግሞ ከኬሞ ጋር ሲሰጥ ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የተገኙት ሕፃናት ከ87.9 ወደ 96 በመቶ ከፍ ብለዋል። ሲዲ20ን የሚይዙት እነ ሞሱኔቱዙማብ፣ ኤፕኮሪታማብና ግሎፊታማብ በ2022 መጨረሻና በ2023 ተከተሉ። አጎቴ የገቡት ከዚያ በፊት፣ ስማቸው ገና በፊደልና በቁጥር በሚጠራበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ቀን የተሰጣቸው እንደ እንባ ጠብታ ትንሽ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሙሉው በሦስተኛው ይመጣል። ቲ-ሴሎች በአንዴ ከተቀሰቀሱ ሳይቶካይን የሚባል መልእክት እንደ ጎርፍ ይለቃሉ፤ ትኩሳት ይነሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በ2006 ለንደን ውስጥ ስድስት ጤነኛ ወጣቶች ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ በደቂቃዎች ልዩነት ተራ በተራ ተወግተው ስድስቱም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር መጀመሪያ ለአንድ ሰው ይሰጥና ይጠበቃል። ከአጎቴ ጋር በአንድ ደረጃ የገቡት ሴትዮም አልጋቸውን ይዘው ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። በኮሪደሩ ሲያልፉ «ደህና ነህ?» ይሏቸዋል። ይህ ሰላምታ ብቻ አይመስለኝም።

ክፍሉ ውስጥ የሚደንቅ መሣሪያ የለም። አንድ ቴርሞሜትር፣ የግፊት መለኪያ፣ ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ፣ አንድ ደብተር። ነርሷ በየፈረቃዋ ከመቶ ጀምሮ በአሥር በአሥር ወደ ኋላ ታስቆጥራቸዋለች፣ ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ታስጽፋቸዋለች። መድኃኒቱ አንጎል ላይ ከወጣ ቀድመው ከሚበላሹት አንዱ የእጅ ጽሑፍ ነውና። አጎቴ በአማርኛ መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። «ይቻላል፣ ግን ሁልጊዜ ያንኑ ይጻፉ» ተባሉ። «ዛሬም አለሁ» ብለው ጻፉ። ፊደሉን የማታውቅ ነርስ የትላንቱንና የዛሬውን ጎን ለጎን አድርጋ መስመር በመስመር ታስተያያለች።

አገር ቤት አስታማሚ ነበርኩ፤ ምንጣፍ አንጥፌ አልጋ ሥር አድሬአለሁ። የአክስቴ ግንባር ሲግል ያወቅሁት ከማንም በፊት ነው። አወቅሁና ምን አደረግሁ? ኮሪደር ለኮሪደር ሮጥኩ፤ ተረኛው አንድ ሐኪም ለስንት ክፍል ነበር፣ ያን ሌሊት እሱንም ሲሮጥ ነው ያየሁት። ስለዚህ እዚያ የሚጎድለው ዐይን አይደለም። እኛ ዐይን ሞልቶናል። ዐይኑ ያየውን ተቀብሎ በሌሊት መድኃኒት ይዞ የሚመጣ እጅ ነው የጠፋው። ሰው ይህን መድኃኒት «መቼ አገራችን ይገባል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ጠርሙሱ ብቻውን ቢገባስ እላለሁ በልቤ። ካንሰሩ የቢ-ሴል ይሁን የቲ-ሴል የሚለየው ምርመራ ራሱ ስንቱን እንደሚያንከራትት የደረሰበት ያውቃል።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ 39.1 አነበበ። ግፊታቸው ወረደ። ነርሷ ደብተሩን ዘረጋችላቸው፤ «ዛሬም» ብለው ጀመሩና «አ» ከመስመር ወጥታ ወደ ታች ተንሸራተተች። «ለ»ን ሁለቴ ጻፏት። ነርሷ ማንበብ አትችልም፣ ግን አየች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያን ጎርፍ የሚገታው ቶሲሊዙማብ ተንጠለጠለ፣ ዴክሳሜታዞን ተከተለ። እኔ ጥግ ላይ እንደ ድሮዬ ልሮጥ ተነስቼ ነበር፤ የሚሮጥበት ቦታ አልነበረም።

እብጠቱ ጠፋና አሥራ አራት ወር ሰጣቸው። ከዚያ ተመለሰ፣ ሌላ ሕክምና ጀመሩ። የዚያን ሌሊት ገጽ ከደብተሩ ለምኜ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ከታቹ፣ ጎህ ሲቀድ የተጻፈው አለ። እጃቸው ገና ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ፊደሎቹ ግን መስመራቸው ላይ ቆመዋል። ነርሷ «ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚህኛው ቀን ምንም ሳላለዝብ ተረጎምኩላት።